የደምሴ ጉድጓድ እንግዳ

ከሮቢ ወንዝ ማዶ፣ ቀወት ቆላ ውስጥ፣ ደምሴ የሚባል አንድ ማሽላ አራሽ ነበር። ቁመቱ መካከለኛ፣ ጉልበቱ መካከለኛ፣ ሀብቱ ከመካከለኛም ወረድ ያለ። ወደር ያልነበረው ምላሱ ብቻ ነው። ሰው "የደምሴ ምላስ ከማረሻው ይሰላል" ሲለው፣ "እውነት ነው፤ ማረሻዬ ድንጋይ እየመታ ይዶለዱማል፤ ምላሴ ግን የሚመታው እናንተን ነው፤ እናንተ ከድንጋይ ትለሰልሳላችሁ" ይላል።

ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አይተውም፤ አካሄዱ ግን የራሱ ነው። ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ይደርሳል፤ ዳቦ ሊቆረስ ሲል ግን ማንም አይቀድመውም። በስቅለት ቀን ስግደቱ ሲበዛበት ወገቡን ይዞ ቀና ይልና፣ "ጌታ የተሰቀለው እኛን ሊያሳርፍ አልነበረም እንዴ?" ብሎ በዙሪያው የሚሰግደውን ሁሉ ያስቃል።

የአጥቢያው ታቦት የቅዱስ ሚካኤል ነበር፤ ደምሴም ከሚካኤል ጋር የቆየ ጭቅጭቅ ነበረው። እሱና ሚስቱ ጌጤ የመጀመሪያ ልጆቻቸውን በንዳድ ቀብረዋል። ቆላ ነውና ንዳድ እዚያ እንደ ክፉ ዘመድ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሲሄድም ባዶ እጁን አይሄድም። ጌጤ እንደገና ስታረግዝ ደምሴ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ፣ "ሚካኤል፣ ይህችን ካተረፍክልኝ ጥላ አስገባልሃለሁ፤ ካላተረፍክልኝ ግን አንተም እንደኛው ፀሐይ ይምታህ" ብሎ ተሳለ። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ንዳዱም አለፋት፤ ስሟን ሙሉ አሏት። ደምሴ ስለቱን አገባ፤ ጥላው ግን ከጎመን ቅጠል ብዙም የማይሰፋ ሆነ።

የደብሩ ቄስ፣ ቄስ ገብረሚካኤል፣ ጥላውን አገላብጠው አይተው፣ "ምነው ደምሴ፣ ይህ የሕፃን ጥላ አይደለም ወይ?" አሉት።

"አባ፣ ስሳል ልጅቷ እንኳን ሕፃን፣ ገና ሆድ ውስጥ ነበረች። እሷ ስታድግ ጥላውም ያድጋል።"

ቄስ ገብረሚካኤል ረጅም፣ ቀጭን፣ ደረታቸውን የሚያፍናቸው ሰው ነበሩ። ሲስቁና ሲያስሉ አይለይም። ያን ዕለት አፋቸውን በመስቀላቸው ሸፍነው ብዙ አሳሉ።

ጣሊያን መጥቶ በሮቢት ሜዳ ድንኳኑን ሲተክል ደምሴ መጀመሪያ መቀለጃ አደረገው። "ይኼ ሰውዬ አገር ሊይዝ መጣ ትላላችሁ፤ ፀሐያችን ገና በሳምንቱ እንደ በርበሬ አቀላችው፤ ዝም ብንለው ደርቆ ለድቁስ ይደርሳል" አለ። ሰው ሳቀ። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚያስቅ ነገር ጠፋ። አዲስ አበባ ላይ በሹማቸው ላይ ቦምብ ከተወረወረ ወዲህ ወታደሮቹ ጥምጥም ያሰረ ሰው ባዩ ቁጥር ደማቸው ይፈላ ጀመር። ከወንዙ በላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ። ጭሱ ከደምሴ ማሳ ላይ ሆኖ ይታይ ነበር።

አንድ ቀን በቀትር፣ ደምሴ ከቤቱ ፊት ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። የቀወት ቀትር ሰውን ሁሉ ቤት ያስገባል፤ ውሻው እንኳ የሚጮህበት ነገር ቢያገኝ "ለማታ ይቆየኝ" የሚል ይመስላል። በዚያ ፀሐይ ቄስ ገብረሚካኤል ብቻቸውን፣ በራሳቸው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ተሸክመው፣ እያፏጨ በሚወጣ ትንፋሽ ወደ ግቢው ሲገቡ አየ።

"አባ፣ በዚህ ሐሩር ምን ተሸክመው ነው? ባለቤትዎ ከነዕቃዎ አባረረችዎ እንዴ?" አለ።

ደምሴ ጨርቁን ደግሞ ቢያየው ከመቅደሱ መጋረጃ የተቀደደ ነው። ገመዱ ከእጁ ወደቀ፤ እሱም ተከትሎት በግንባሩ ተደፋ።

"ተነሥ፣ ተነሥና የእህል ጉድጓድህን ክፈት" አሉት።

"ለማን ነው አባ?"

"ለሚካኤል።"

ደምሴ አፈሩን ከግንባሩ ሳይጠርግ ቀና አለ። "እኔ ቤት? አጥቢያው በሙሉ እያለ? እነወርቁ አሉ አይደል፤ ሰንበቴ የማያጓድሉ፣ ጾም የማይሽሩ፣ ሲራመዱ እንኳ መሬቱ እንዳይቆስል የሚጠነቀቁ!"

"የነወርቁ ቤት መጀመሪያ ነው የሚፈተሸው። ደምሴ ቤት ቅዱስ ነገር አለ ብሎ የሚጠረጥር ግን ሰይጣንም አይገኝ።"

ደምሴ የተመሰገነ ይሁን የተሰደበ ለመለየት ጥቂት አሰበ። ሊለየው አልቻለም፤ ሄዶ ጉድጓዱን ከፈተ።

በቆላው እህል የሚቀመጠው በጉድጓድ ነው። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ውስጡ በጭድና በእበት የተለሰነ። ማሽላ ሞልተውት አፉን በድንጋይና በጭቃ ካሸጉት ዓመታት ይቆያል። ታሽጎ የከረመ ጉድጓድ በተከፈተ ቅጽበት ግን አይገባም፤ ውስጡ የታመቀው ትንፋሽ ሰው ይገድላል። ጥበቡ ሳያናፍሱ አለመግባት ነው፤ ይህን የቆላ ልጅ ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚጠባው። የደምሴ ጉድጓድ ያኔ ባዶ ነበር፤ ሲናፈስም ሰንብቷል። ቄሱ ራሳቸው ወረዱ። ከጉድጓዱ ጎን እንደ ምድጃ አድርገው ቆፈሩ፣ ታቦቱን በቆዳ ጠቅልለው አስገቡ፣ በድንጋይ ዘግተው በጭቃ መረጉት። ከዚያ ደምሴና ጌጤ በጎታ የነበረውን ማሽላ እየተሸከሙ አመጡና ጉድጓዱን ሞሉት። ያየ ሰው እህል እንጂ ሌላ አያይም።

ቄስ ገብረሚካኤል አፈር እንደለበሱ ቁርቁራው ሥር ተቀመጡና፣ "እንግዲህ ከዚህ ላይ አትርገጡ። እዚህ አትጣሉ። እዚህ ስድብ አይሰማ" አሉ።

"መርገጡን እንተዋለን። ስድቡን ግን አባ፣ እንግዳው የማን ቤት እንደሚያድር እያወቀ ነው የመጣው።"

ጌጤ፣ "ዝም አይሉም፣ አንቱ?" አለችው። ጌጤ ባሏን አንቱ የምትለው ስትቆጣ ብቻ ነው።

ቄሱ ግን እንደ ልማዳቸው አሳሉ፤ ዓይናቸው እስኪያለቅስ አሳሉ። ባርከዋቸው ተነሡና ወደ ደጋው መንገድ ጀመሩ። ከእሾህ አጥሩ ማዶ ጎረቤታቸው ጣይባ ቆማ ነበር። ጣይባ ባሏ የሞተባት የአርጎባ ሴት ናት፤ ከጌጤ ጋር እሳት ሲጠፋ እሳት፣ ጨው ሲጠፋ ጨው የሚዋዋሱ ናቸው። ደምሴ ዓይኗን አየና ወደ አጥሩ ሄደ።

"ምን አየሽ ጣይባ?"

"ወላሂ፣ ቀትር ላይ ዓይኔ አያይልኝም" ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

ቄስ ገብረሚካኤል ደጋው አልደረሱም። ወደ ደብረ ሲና በሚወጣው ዳገት ላይ ጥምጥማቸውን ያዩ ወታደሮች ይዘው እዚያው ረሸኗቸው። ቤተ ክርስቲያናቸውም በዚያው ሳምንት ነደደ። ወሬውን ጨው ነጋዴዎች አመጡት። አሁን በዓለም ላይ ሚካኤል የት እንዳለ የሚያውቁት እሱና እሷ ናቸው፤ ደግሞም በቀትር ዓይኗ የማያየው ጣይባ።

በክረምቱ ጣሊያን ለመኪና መንገድ ሰው ያፍስ ጀመር። ደምሴንም ከማሳው ላይ ወሰዱት። ቆላ የለመደ ገላውን ጣርማ በር ደጋ ላይ ጉም ውስጥ አቁመው ድንጋይ አሸከሙት። እዚያም ምላሱ አልተኛም፤ "አገር ቤት ሳለሁ ገሃነም ሞቃት ነው ይሉን ነበር፤ ዋሽተውናል" እያለ ከጎኑ የሚንቀጠቀጡትን ያስቅ ነበር። ለሳቁም በአለንጋ ይከፈለው ነበር። መስቀል ሲያልፍ ጉልበቱ ያለቀውን ሁሉ ሲያባርሩ እሱም አብሮ ተባረረ። ቁልቁለቱን እየተንከባለለ እስኪወርድ የሚያስበው ስለ ልጁ ስለ ሙሉ ነበር። ሙሉ አሥራ ሦስት ዓመት አልፏት፣ ማማ ላይ ወጥታ ወንጭፍ ስትወነጭፍ ከወንዶቹ ይልቅ ወፍ የምትጥል፣ በምላስ ደግሞ ቁርጥ አባቷ ነበረች።

ከመንደሩ መግቢያ ጣይባ ቆማ ጠበቀችው። ጠዋት ጠዋት እየወጣች መንገዱን ታይ ኖሯል።

"ደምሴ፣ ቁጭ በል።"

"ምን ሆነሻል? ገና ከቤቴ ሳልደርስ..."

"ቁጭ በል አልኩህ፣ ወንድሜ።"

ተቀመጠ። እንዲያ ብላው አታውቅምና ሳትነግረው ገባው።

ሙሉን ንዳድ ይዞ በሳምንት ውስጥ ወስዷታል። ወንዶቹ በመንገድ ሥራ፣ ቄሱ በመቃብር፣ ቤተ ክርስቲያኑ በአመድ። ጣይባ ከጌጤ ጋር ሆና አጠበቻት፣ ገነዘቻት። የጣይባ ወንድሞች ከተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጉድጓድ ቆፍረው፣ የክርስቲያን ራስ ወደ የት እንደሚዞር ጌጤን ጠይቀው ቀበሯት። ፍትሐት የሚፈታት፣ ዕጣን የሚያጥናት፣ እግዚኦ የሚልላት አልነበረም።

"እኛ የምናውቀውን ዱዓ አድርገንላታል" አለች ጣይባ፣ እንደ ማፈር እያለች። "አላህ የማን ቋንቋ ነው ብሎ የሚመልሰው አይመስለኝም።"

ለቅሶ ደራሹ መጣ። ወርቁም መጣ፤ ያ መሬቱ እንዳይቆስል ተጠንቅቆ የሚራመደው ወርቁ። ከደምሴ አጠገብ ተቀመጠና፣ "ለበጎ ነው ደምሴ። እግዚአብሔር የሚወደውን ቶሎ ይወስዳል" አለው።

ደምሴ ዞሮ አየው። "እሱስ ልክ ነህ። አንተ እስካሁን የቆየኸው ለካ ለዚህ ነው።"

ወርቁ ተነሥቶ ሄደ። ሌላው መጣና "አታልቅስ፣ የእግዚአብሔር እንግዳ ናት" አለ፤ እሱንም እንዲሁ ሸኘው። በሦስተኛው ቀን የሚመጣ ሰው ጠፋ። በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ደምሴ ከቤቱ ወጥቶ፣ ቄሱ አትርገጡ ካሉት ቦታ ጫፍ በጉልበቱ ቆመና አፉን ከፈተ።

"አንተ! ተኝተሃል? ተኛ! በሥዕልህ ሰይጣንን ረግጠህ፣ ሰይፍ መዘህ፣ ዓይንህን አፍጥጠህ ቆመሃል። ያየህ ሁሉ ይንቀጠቀጥልሃል። አሁን ደግሞ ማሽላዬን እስከ አንገትህ ተከናንበህ በሰው ጓዳ ትደበቃለህ! ከማን? እንደ በርበሬ ከቀላ ፈረንጅ! እኔ እሺ፣ እኔ ደምሴ ነኝ፤ እፈራለሁ፣ ድንጋይ ተሸከም ሲሉኝ እሸከማለሁ። አንተ ምን ሆንክ? ቤት ሰጠሁህ፣ እህሌን አለበስኩህ፣ አፌን ዘጋሁልህ። አንዲት ልጅ! አንዲት ልጅ መጠበቅ አቃተህ?"

ጌጤ ከበሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ልትከለክለው አንድ እርምጃ ሄደችና ተወችው፤ እሱ ያለው ሁሉ እሷም ልትለው የፈለገችው ነበር።

ደምሴ የሚያውቀውን ስድብ ሁሉ ጨረሰ፤ የማያውቀውንም ፈጠረ። በቡጢው መሬቱን መታ። ድምፁ ሲዘጋ ተቀመጠ። ላቡ በጢሙ እየወረደ የሚሆነውን ጠበቀ። መብረቅ አልወረደም፤ እንኳን መብረቅ ነፋስም አልነበረም። ሚካኤል መልስ አልሰጠውም። "ለበጎ ነው" አላለውም። "አታልቅስ" አላለውም። ተነሥቶም አልሄደም።

'የትስ ይሄዳል' አለ ደምሴ በልቡ። 'እሱም እንደ እሷ ተቀብሯል።' ይህችን ሲያስብ ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ አፉ ላይ ሳለ ወደ ልቅሶ ተገለበጠ።

እያለቀሰም አንድ ነገር ታየው። በየስቅለቱ ወገቡን ይዞ ሲያላግጥ፣ ቄስ ገብረሚካኤል ከፊት ሆነው የሚሉትን አንድ ጆሮው ይሰማ ነበር፤ ሌላው ጆሮው ጉልባኑ የት ደረሰ እያለ ያዳምጣል። ጌታ ሞተ፣ ተገነዘ፣ መቃብር ወረደ ይሉ ነበር። መቃብር ማለት ጉድጓድ ነው። የልጅ ሞት እግዚአብሔር ከሰማይ ሆኖ የሚያየው ነገር ብቻ አልነበረም፤ እሱም የገባበት ነው። ጌጤ በር ላይ እንደቆመች፣ እናቱም ከመስቀሉ ሥር ቆማለች። ይህን ደምሴ ድሮም ያውቀዋል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲነገረው ኖሯል፤ ያን ቀን ግን መሬቱ ላይ ተቀምጦ፣ መዳፉን ትኩሱ አፈር ላይ እንዳደረገ፣ ዕውቀቱ ከጆሮው ወደ ሆዱ ወረደ።

ከጸሎት የሚያውቀው "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ብቻ ነበር። እሱንም ዜማውን አያውቀውም። ለሙሉ እሱን ይልላት ጀመር። ድምፁ ሻካራ፣ ዜማው እንደ ከብት ጥሪ። ጌጤ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠችና አብራው አለች። ከአጥሩ ማዶ ጣይባ ሥራዋን አቁማ ቆመች። ሲጨርሱ ፀሐዩ ወደ ደጋው ጋራ ዘንበል ብሎ ነበር። ደምሴ ቤት ገብቶ ከጣርማ በር ከወረደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሰ፤ ተኝቶም ሳይባንን አደረ።

ሐዘኑ ለቀቀው እንዳይባል፣ አልለቀቀውም። የሙሉን ወንጭፍ ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ብቻ በሐዘኑ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ አገኘ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ቀትር ላይ እዚያ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ሲከፋው ይጨቃጨቃል፣ ሲደክመው ዝም ይላል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የመንደሩን ወሬ ለሚካኤልም ለጌታውም ያወራል።

"ዛሬ ደግሞ ምን ስትለው ዋልክ?" ትለዋለች ጌጤ።

"አንቺን ሳማ።"

"እሱስ ምን አለ?"

"ምን ይላል፣ ጨዋ ነው። እኔን የሚያምንበት ምክንያት እንደሌለው ያውቃል።"

ጌጤ እያደር ሳቋ ተመለሰ። መንደርተኛው ግን ደምሴ ከልጁ ሞት በኋላ ናላው ዞሮ ከእህል ጉድጓድ ጋር ያወራል አለ። ደምሴ አላስተባበለም። ምሥጢር ለመጠበቅ እንደ እብደት ያለ ቁልፍ የለም።

ዓመታት በዚህ አለፉ። በ፲፱፻፴፫ ዓ.ም. በጥር፣ አርበኛው ከዳር ዳር ሲነሣና ጣሊያን በየጥላው ሲደነብር፣ ነፍጥ በእህል ጉድጓድ ተደብቋል የሚል ጥቆማ ወጣ። አንድ የጣሊያን መኮንን አስካሪ ከሚባሉ ጥቂት ቅጥረኛ ወታደሮችና ከአስተርጓሚው ጋር እየፈተሸ ደምሴ ቤት ደረሰ። አስተርጓሚው ጌታቸው ይባላል፤ የደብረ ሲና ልጅ ነው፣ የደምሴንም ዝና ያውቃል። ቀትር ነበር። ደምሴም ከቦታው ተቀምጧል።

መኮንኑ በአለንጋው ወደ ጉድጓዱ አፍ ጠቆመ። ጌታቸው፣ "ምን አለበት ይላል" አለ።

ደምሴ ነጩን ሰውዬ፣ ቀጥሎም ጌታቸውን አየ። ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ በዕድሜው ሙሉ እንደ ውኃ ሲፈስለት የኖረው ውሸት ያን ቀን ደረቀበት። ማሽላ ነው ቢል ያስወጡታል። ባዶ ነው ቢል ይገቡበታል። ስለዚህ እውነቱን ተናገረ፤ ግን በራሱ አፍ ተናገረው።

"ቅዱስ ሚካኤል ነው ያለበት" አለ፣ እግሩን እንደ ዘረጋ። "ከጣሊያን ሸሽቶ መጥቶ ማሽላዬን ሲጨርስ ከረመ። ብትወስዱልኝ እንኳ ደስ ይለኛል፤ ቤት ኪራይ አይከፍል።"

ጌጤ በሩ ላይ ቆማ ምሰሶውን ያዘች።

ጌታቸው ሆዱን ይዞ ሳቀ። አስካሪዎቹም ሳቁ። "ይህ ሰው የአገሩ ቀልደኛ ነው" ብሎ ለመኮንኑ አስረዳው፤ ሲያስረዳም "ሳን ሚኬሌ" የሚለው ስም ሁለቴ ተሰማ። መኮንኑ አልሳቀም። ክፈቱት አለ።

ከፈቱት። አንዱ አስካሪ ወደ አፉ ጠጋ ብሎ አሸተተና ወደ ኋላ ሸሸ። መኮንኑ ግባ ሲለው ራሱን ነቀነቀ። መኮንኑ በገዛ አገሩ ቋንቋ ጮኸ፣ ፋኖስ አስመጣ፣ አስለኮሰ፣ በገመድ አስወረደ። ፋኖሱ ከማሽላው ጋር ሳይነካካ፣ ማንም ሳይተነፍስበት፣ ጭልጭል ብሎ ጠፋ። አወጡት፣ እንደገና ለኮሱት፣ እንደገና አወረዱት። እንደገና ጠፋ።

"ነገርኳችሁ እኮ፤ ቀትር ላይ ሲተኛ ብርሃን አይወድም" አለ ደምሴ።

ጌታቸው ሳይታወቀው ተረጎመው። ያኔ የመኮንኑ ቀኝ እጅ ተነሣ፤ ወደ ግንባሩ ሄደ፣ ወደ ደረቱ ወረደ፣ ወደ ትከሻው ሊያልፍ ሲል አስካሪዎቹ እያዩት መሆኑ ትዝ አለው። እጁ መንገድ ላይ ቀረ። ፊቱ ከበርበሬም ባሰ።

በሰው ፊት ያፈረ ሹም ከጅብ ይከፋል። ደምሴን ከቁርቁራው ጋር አስረው ገረፉት። ጌጤ ጮኸች፣ ጣይባም አጥሩን ጥሳ መጥታ "ያ ረቢ! እብድ እኮ ነው! እብድ ይገረፋል?" እያለች ከአለንጋው ሥር ልትገባ ታገለች።

ደምሴን ግን ከግርፋቱ መሀል አንድ ነገር አስገረመው። ፍርሃቱን ፈለገው፤ አጣው። ጀርባው እንደ እሳት ይነዳል፣ ጥርሱ ከንፈሩን በልቶታል፤ ከዚያ ሥር ግን የማይነካ ጸጥ ያለ ነገር አለ፣ እንደ ጉድጓድ ውኃ። ጣርማ በር ሲገረፍ እየሳቀ ውስጡ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን እየጮኸ ውስጡ ረግቷል። 'ጌታም ተገርፏል' አለ በልቡ፤ 'እሱ ግን ንጹሕ ነበር፤ እኔ ትንሽም ቢሆን ይገባኛል።'

ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባ አልተገኘም፤ ሲሄዱ በሬዎቹን ነድተው ሄዱ፣ ጌጤም የጉድጓዱን አፍ መልሳ አሸገችው። ለነፍጡ ተመልሰው ሊመጡ ዝተው ነበር። ሳይመለሱ ግን የጦሩ ነገር ተገላበጠ፤ በሚያዝያ ካሚዮኖቻቸው አቧራ እያነሡ በጀውሃ በኩል ሲሸሹ ደምሴ ጀርባው ገና ሳይጠግግ ከማሳው ቆሞ አየ።

በቀጣዩ በጋ አገሩ ቤተ ክርስቲያኑን በአገዳና በሣር መልሶ አቆመ፤ ከደጋም ቄስ ብርሃኔ የሚባሉ ወጣት ካህን መጡ። ደምሴ ያኔ ምሥጢሩን አወጣ። ጉድጓዱ ተከፍቶ ሲናፈስ ሰነበተ፤ ማሽላው ወጣ፤ ቄስ ብርሃኔም ወርደው የቄስ ገብረሚካኤልን ምርጊት በእጃቸው አፈረሱት። ታቦቱ እንደ ገባ ነበር። እልልታው ከወንዙ ማዶ ተሰማ። መንደሩ ሁሉ ደምሴ እግር ላይ ሊወድቅ ቃጣው፤ "ጻድቁ ደምሴ" የሚለውም ተገኘ።

"ጻድቅ ያላችሁኝ ዕለት ነው የምሰደደው" አለ ደምሴ።

ከሁሉ በፊት ግን ንስሐ መግባት ፈልጎ ቄስ ብርሃኔን ለብቻ ያዛቸው። "አባ፣ ሚካኤልን ሰድቤዋለሁ። ብዙ ጊዜ።"

"ምን ብለህ ነው የሰደብከው?"

ደምሴ በእውነተኛ ልብ ከመጀመሪያው ጀመረ። ወጣቱ ካህን ጥቂት እንደሰሙ ጆሮአቸው እስኪቀላ ደነገጡና፣ "በቃህ፣ በቃህ! ቀሪውን እሱ ያውቀዋል" ብለው ቶሎ ፈቱት።

በማግሥቱ በሙሉ መቃብር ላይ ፍትሐት ተፈታ። ዜማው ያማረ፣ ዕጣኑ የጠገበ ነበር። ጌጤ አለቀሰች፣ ተጽናናችም። ደምሴ ግን ቤቱ ሲገባ ግቢው ልጅ እንደዳረ ቤት ጭር አለበት፤ የሚጣላው ሰው አጣ። ሰንበት ሲደርስ ቅዳሴ ሳይጀመር ቤተ ክርስቲያን ተገኘ፤ ሰውም ታሟል ወይ ብሎ ጠየቀ።

በዚያው ዓመት ወርቁ ልጁን አጣ። ልጁ አርበኛ ነበር፤ በመጨረሻው ውጊያ የተመታው ቁስል ቆይቶ ገደለው። ደምሴ ለቅሶ ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ተሳቀቀ፤ ያለፈውን ያልረሳ አልነበረምና ወርቁም አንገቱን ደፋ። ደምሴ ከአጠገቡ ተቀመጠ። ምንም አላለም። "ለበጎ ነው" አላለም፣ "እግዚአብሔር ያጥናህ" እንኳ አላለም። እጁን ከወርቁ ጉልበት ላይ አሳርፎ እስከ ማምሻው ዝም አለ። ለቅሶኛው ይህን ከታቦቱ መገኘት የበለጠ ተአምር አድርጎ እርስ በርሱ ይተያይ ነበር።

በመጨረሻ ንፍሮ ቀረበ። ደምሴ አንድ እፍኝ ቀመሰና ፊቱ ተቋጠረ። ወደ ወርቁ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ "ይህን ማን ቀቀለው? ጥርሴን ከሟች ጋር ልትቀብሩት ነው?" አለው።

ወርቁ ቀና አለ። ሳቀ፤ እየሳቀም ልጁ ከሞተ ወዲህ አልወጣ ብሎት የነበረው እንባ በጉንጮቹ ወረደ። ደምሴ ትከሻውን ሰጠው። ወርቁ እስኪበቃው አለቀሰ፤ ደምሴም አንዲቱን የንፍሮ ጥሬ ከአንዱ ጥርሱ ወደ ሌላው እያዛወረ ጠበቀው።